ድምፄ አይሠራም፣ እሰማችኋለሁ

ኢስክራ ላሎቫን ሞታ ያገኘቻት የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ፔና ናት። ሰኞ ማርች 11 ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተደውሎ የእንግሊዝኛ መምህርቷ አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። "እስኪ በቤቷ በኩል ብቅ በይ" ብለው እትዬ ፔናን ላኳት።

በአጥሩ በር ሥር ስድስት እቅፍ አበባ ተደግፎ ነበር። ዓርብ በሴቶች ቀን ተማሪዎቿ ያስቀመጡት ነው። ሁሉም ጠውልጎ ጠቁሯል።

"የደነገጥኩት በሩን ስከፍት እንዳይመስልህ፣ ማኖል" አለችኝ እትዬ ፔና ለምርመራ ስደርስ። መጥረጊያዋን ከትምህርት ቤት ይዛው መጥታ ነበር፤ መያዟንም የምታውቅ አይመስለኝም። "አበባዎቹን ሳይ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ኢስክራ አበባ ደጅ ጥላ አታድርም።"

ቤቱ ከዳኑብ ዳርቻ ሁለት መቶ እርምጃ የሚርቅ፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ አሮጌ ቤት ነው። ውስጡ ከደጁ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ምድጃው ጠፍቷል፤ የእንጨቱ ቅርጫት ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ወለሉ ላይ አንድ ዘለላ ቢጫ አበባ ተቀምጧል። ኢስክራ ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣ፣ ግንባሯን በቀኝ ክንዷ ላይ አስደግፋለች። ሲያነብ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ነው የምትመስለው። ግራጫ ሻሏ ትከሻዋ ላይ ተስተካክሎ ተደርቧል፤ እስከ ማጅራቷ ድረስ ወደ ላይ ተስቧል። ሐኪሙ ሻሉን ገለጥ ሲያደርገው የተሸፈነውን አየን። ከኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመታችው። የምድጃው መቆስቆሻ ብረት ተወልውሎ ቦታው ላይ ቆሟል።

ሐኪሙ እጅጌዋን ሲሰበስብ ሁለቱም ክንዶቿ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በቀይና በነጭ ክር ታስረው ነበር። ለመልካም ምኞት የሚታሰር ነውና በማርች ወር የማንኛዋም መምህርት እጅ እንደዚያው ነው። እኔም የልጅ ልጄ ያሰረችልኝ አንድ ክር አንጓዬ ላይ ነበር። አየሁት፤ አለፍኩት።

"መቼ ነው የሞተችው?" አልኩት ሐኪሙን።

"ክፍሉ እኮ በረዶ ቤት ነው! አራት ቀን ብልህም ያስኬዳል፣ ስምንት ብልህም ያስኬዳል። ከዚህ በላይ አታስጨንቀኝ።"

በዚህ መሃል የቴክኒክ ባለሙያችን ጋልያ ጓንቷን እያጠለቀች ጠረጴዛውን ነካ አደረገችው። ላፕቶፑ ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንደተያያዘ ነበር። ስክሪኑ በራ። ኢስክራ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የምትማርበት የኦንላይን ክፍል ገጽ ነው። በስሟ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሐሙስ ማርች 7፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

"ምን ይላል?"

ጋልያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "'ድምፄ አይሠራም፣ እሰማችኋለሁ' ነው የሚለው።" ከዚያ እጇን ከጠረጴዛው አነሳች።

ማስታወሻዬ ላይ "ሐሙስ ማታ በሕይወት ነበረች" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ያ መስመር አንድን ሰው እስር ቤት ለመክተት ምንም አልቀረውም።

*

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ስኔዣና ቬልቼቫ ዓይኗ ቀልቶ በቢሮዋ ተቀበለችኝ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ ጠማማ የለችም።

"ኢስክራ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠፋ ማንም አልፈለጋትም?" አልኳት።

"የጥናት ፈቃድ ላይ ነበረች እኮ። ፈቃዱን የሰጠኋት እኔ ነኝ።" መሀረቧን አወጣች። "ሐሙስ ዕለት ደግሞ አብረን ተምረናል፣ ኢንስፔክተር። በስክሪን ማለቴ ነው። ለዲግሪው ሁለታችንም አንድ ላይ ነው የተመዘገብነው። እሷ ከቤቷ፣ እኔ ከተሰሎንቄ ሆቴል።"

"ተሰሎንቄ?"

"አርባ ተማሪ ይዤ ለጉብኝት። ሰኞ ማርች 4 ጎህ ሲቀድ ተነሳን፣ ቅዳሜ ማታ ተመለስን። አርባዎቹንም መጠየቅ ይችላሉ፤ ከቻሉ ዝም ያሰኟቸው እንጂ።"

"ሐሙስ ዕለት እሷ ራሷ መሆኗን እርግጠኛ ነዎት?"

"በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ! ያችን ግራጫ ሻሏን ደርባ፣ ሻይዋን ፉት እያለች።" መሀረቡን ዓይኗ ላይ ጫነች። "የፊታችን ዓርብ የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምናቀርብበት ቀን ነበር። የእሷ ዘጠኝ ሰዓት፣ የእኔ አሥር።"

ርዕሰ መምህሩ በኤፕሪል ጡረታ እንደሚወጣ፣ ቦታው ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚጠይቅና ለቦታው የምትወዳደረው ስኔዣና እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቃል። ኢስክራ ግን ሹመት ፈልጋ አታውቅም።

"የእሷ ጽሑፍ ደርሶላት ነበር?"

"ምስኪን! ገና መንገድ ላይ ነበረች።"

"የተጣላችው ሰው ነበር?"

ስኔዣና መስኮቱን አየች። "የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ግን ያ ጎረቤቷ፣ ቦጎሚል... ባለፈው በጋ በአጥር ላይ ሲጮህባት መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ነበር። የሰው መንጋጋ ሰብሮ እንደታሰረም ያውቃሉ።"

አውቃለሁ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

*

ቦጎሚል ትራይኮቭ ከዳኑብ ደለል በሚጠርግ መርከብ ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ።

"ዓርብ ጠዋት አበባ ይዘህ ኢስክራ ቤት ገብተሃል" አልኩት።

"እኔ? አበባ?" ክፍሉን በድምፁ ሞላው። "ይሄን ፊት አይተህ ነው፣ ኢንስፔክተር? እኔ አበባ ብይዝ አበባው ራሱ ፖሊስ ይጠራል!"

"ፖስተኛዋ አይታሃለች። የጣትህ አሻራ የበሩ እጀታ ላይ አለ። አትጩህብኝ።"

"አልጮህኩም! የማወራው እንደዚህ ነው። ሞተር ሥር ሠላሳ ዓመት ቆመህ ና፣ ከዚያ ቀስ ብለህ አውራ።"

"በበጋ የጮህክባትስ?"

አንገቱ ድረስ ቀላ። "ላግባሽ ብዬ ነው የጮህኩት" አለ። "መንገዱ ሁሉ ሰማ። ሳቀች። ‘አስቤበት እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ ግን ትምህርቴን ልጨርስ’ አለችኝ። እኔም ልጠብቅ ነበር።"

ከዚያ ቀጠለ። ከእሁድ ማርች 3 ጠዋት ጀምሮ መርከቡ ላይ ነበር፤ ከዘጠኝ ሰው ጋር እዚያው ሲሠራ፣ እዚያው ሲያድር ሰነበተ። የተመለሰው ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ ዘለላ ቢጫ አበባ ገዝቶ ሄደ። በሩ አልተቆለፈም።

"ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ሻሏን ደርባ፣ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብላ። ‘እንኳን አደረሰሽ’ አልኳት። መልስ የለም። ስታነብ ነው ያደረችው፣ ደክሟት ተኝታለች ብዬ አበባውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ በእግሬ ጣት ወጣሁ።" ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። "ቤቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ምድጃዋን ላንድድላት አስቤ ነበር እኮ! እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ተውኩት።"

"ሐሙስ ማታ ከእሷ ቤት የሰማኸው ነገር የለም?"

"የለም። ሁልጊዜ ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ግድግዳው ስስ ነው። ሐሙስ ግን ዝም።"

ድምፄ አይሠራም ብላ ጽፋለች እኮ፣ አልኩ በልቤ። ሁሉም ነገር የሚገጥም መሰለኝ፤ የማይገጥመው የቦጎሚል ፊት ብቻ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ግን ፊት አያነብም። ቤቷ ገብቷል፣ ዋሽቷል፣ የቀድሞ ጥፋት አለበት፣ ሐሙስ ማታ ብቻውን ነበር። "እስከ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ይዘኸው ቆይ" አለኝ በስልክ። "ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ በግድያ እከሰዋለሁ።"

*

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የክፍሉ አስተማሪ ፕሮፌሰር ሊሊየቫ ከዋና ከተማው በስክሪን አነጋገረችን። ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

"ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ፣ በአካል ግን አይቻት አላውቅም" አለች። "ዘመኑ እንዲህ ነው። ስምንት ተማሪ፣ ስምንት ትንንሽ መስኮት። ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ ለማን እንደምነግረው አጣሁ።"

"ለእኔ ይንገሩኝ።"

"ሳቀች።"

"ኢስክራ?"

"ስለ አንድ የቀብር ሥርዓት ትረካ እየተነጋገርን ነበር። ማንም ምንም የሚያስቅ ነገር አልተናገረም። እሷ ግን ድንገት ከልቧ ሳቀች፣ ያለ ድምፅ። ዓይኗን በጣቷ ጠረገች። ሌሎቹም አይተዋታል። አንደኛው በኋላ ‘ፕሮፌሰር፣ ኢስክራ ደህና ናት?’ ብሎ ጻፈልኝ።"

የክፍሉን የቪዲዮ ቅጂ ላከችልን። ጋልያና እኔ መጋረጃውን ዘግተን አየነው። ኢስክራ ከስምንቱ መስኮቶች በታችኛው ረድፍ ላይ ናት። ሻሏን ደርባለች። ጉንጯን በእጇ አስደግፋለች። ዓይኗን ታርገበግባለች። ሻይዋን ታነሳለች። ፕሮፌሰሯ "ኢስክራ፣ ምን ትያለሽ?" ስትላት ቀና ብላ ወደ እኛ ታያለች፤ መልስ የለም። "ይሰማናል?" ትላለች ፕሮፌሰሯ። በዚህ ጊዜ ያ ዓረፍተ ነገር ከሥር ብቅ ይላል። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ያ ሳቅ መጣ።

ጋልያ ቆመች። "ኢንስፔክተር፣ መጋረጃውን ልክፈተው?"

"ክፈቺው።"

ሳቁ እኔን ያስፈራኝ ደስታ ስለነበረበት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ማንም የማያየው፣ እሷን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ሰው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ፔና ቢሮዬ መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የአይብ ቂጣ፣ ባኒፃ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶታል።

"ጉቦ ነው?" አልኳት።

"ለአንተ ጉቦ? በባኒፃ የምትገዛ ብትሆን ኖሮ እስካሁን አዛዥ ነበርክ" አለችና ተቀመጠች። "ልለምንህ ነው የመጣሁት። ክሮቹን ስጠኝ።"

"የትኞቹን ክሮች?"

"ኢስክራ እጅ ላይ ያሉትን ነዋ። ልጆቹ ያሰሩላትን ማርተኒፃ። የሚፈታው ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሲታይ ነው፤ እሷ ሁለቱንም ሳታይ ሞተች፤ ማን ይፍታላት? ልጆቹ ትናንት እያለቀሱ ‘እትዬ ፔና፣ ከእሷ ጋር ይቀበራል እንዴ?’ አሉኝ። ግቢዋ ውስጥ ያለው የፕሪም ዛፍ አብቧል። እዚያ ላይ አስርላቸዋለሁ ብያለሁ። ስልሳ ሦስት ነው፣ እንዳይጎድል።"

"ስልሳ ሦስት መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ስንቆጥር ነበራ! ዓርብ ማርች 1 ጠዋት ልጆቹ ተራ በተራ ሲያስሩ፣ መምህራኑም ሲያስሩ፣ እኔም ሳስር። ‘ዘንድሮ ክብረ ወሰን ሰበርሽ’ አልናት። ክንዷ ሌላ ቦታ አጣ። ሽመላ እስክታይ አንዷንም አታወልቅም፤ ታውቃታለህ፣ ለልጆቹ ስትል።"

አንጓዬን አየሁ። የልጅ ልጄ ክር እዚያው ነው። ከማርች 1 ጀምሮ ገላዬን ስታጠብ እንኳ አልወለቀም።

"እትዬ ፔና፣ ባኒፃውን ጋልያ ትብላው" አልኩና ወደ ስክሪኑ ሮጥኩ።

የሐሙሱ ቅጂ። ኢስክራ ጉንጯን በእጇ ታስደግፋለች፤ እጅጌዋ ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። ክንዷ ባዶ ነው። ሻይዋን ታነሳለች፤ ሌላኛው ክንዷም ባዶ ነው። አንዲት ክር እንኳ የለም። ጠረጴዛው ላይ የወደቀው አስከሬን ግን ሁሉንም፣ ስልሳ ሦስቱንም፣ አስሮ ነበር።

"ጋልያ፣ ይህ የማርች ፊልም አይደለም" አልኳት።

ፕሮፌሰሯ የቀደሙትን ቅጂዎች ላከችልን። እኩለ ቀን ላይ ጋልያ አገኘችው። ፌብሩዋሪ 29፣ ያ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣው ቀን፣ እሱም ሐሙስ ነበር። ያው ሻል፣ ያው ሻይ፣ ያው ቀና ማለት። ያው ሳቅም፣ በዚያው ደቂቃ። ያን ዕለት ግን ሳቁ ምክንያት ነበረው፤ ከስምንቱ አንዷ ስለ ተማሪዎቿ የሰዋስው ፈተና ቀልዳ ክፍሉ በሙሉ ስቋል። የቀለደችው ስኔዣና ቬልቼቫ ናት።

ጋልያ ላፕቶፑን ስትፈትሽ ከሩቅ ሆኖ ላፕቶፑን በስልክ ለማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም አገኘች። የተጫነው እሁድ ማርች 3 ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በካሜራው ፈንታ የሐሙስ ፌብሩዋሪ 29 ፊልም ለሌሎቹ ተማሪዎች እንዲታይ ተደርጓል። ስለዚህ ኢስክራ ሐሙስ ማታ ስትማር አልነበረም። ከሞተች አራት ቀን ሆኗት ነበር።

የሐሙሱን ቅጂ ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩት፤ አሁን ኢስክራን ትቼ ሌሎቹን ሰባቱን አየሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ብቅ ከማለቱ በፊት ስድስቱ ወደ ስክሪናቸው እያዩ ነው። አንዷ ጭኗ ላይ ያለ ነገር ታያለች።

ማንነቷን አወቅሁ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ቀልድ መቀለድና ወደ ጭን ማየት ደግሞ ወንጀል አይደለም።

*

ከሰዓት በኋላ ቦጎሚልን ልጠይቀው ወረድኩ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

"መጸለይ ጀምሯል፣ ኢንስፔክተር። በማን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ሰይጣን ራሱ አስተርጓሚ ይፈልጋል።"

ቦጎሚል ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ የሆነ ነገር እየደጋገመ ያነበንባል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ይመስላል።

"ቦጎሚል፣ እንግሊዝኛ ትችላለህ እንዴ?"

"‘ሄሎ’ እና ‘ውስኪ’።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

አፈረ። "የእሷ ነው። የዲግሪዋ ጽሑፍ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ማታ ማታ መጀመሪያውን ደጋግማ ታነበው ነበር፣ ቃናው ደስ እስኪላት። እኔም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ..." ትከሻውን ነቀነቀ። "ትርጉሙን አላውቅም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ግን በእንቅልፌም እለዋለሁ። እዚህ ስገባ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው የምደጋግመው። ሌላ ከእሷ የቀረኝ ነገር የለም።"

ስልኬን አውጥቼ ፕሮፌሰር ሊሊየቫ ጋ ደወልኩ። "አንድ ሰው የሚልዎትን ነገር ይስሙልኝ" ብዬ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋሁት። ቦጎሚል እንደ ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለው።

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

"ይህ ሰው ማን ነው?" አለች ፕሮፌሰሯ።

"የኢስክራ ጎረቤት። እንግሊዝኛ አያውቅም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ኢስክራ ስታነበው ሰምቶ ነው።"

"ኢስክራ ያስገባችው ጽሑፍ የለም። የምታሳየኝ ሲያልቅ እንደሆነ ነግራኝ ነበር።" አለች። "ይህ ዓረፍተ ነገር ባለፈው እሁድ የደረሰኝ ጽሑፍ መክፈቻ ነው፣ ኢንስፔክተር። ቃል በቃል። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ካነበብኩት የተሻለ ጽሑፍ ነው፤ እንዲያውም ‘ይህን ይጽፋሉ ብዬ አልጠበቅሁም’ ብዬ መልስ ሰጥቻታለሁ።"

"ለማን?"

"ለስኔዣና ቬልቼቫ።"

*

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስኔዣና ቢሮዋ ውስጥ ያንኑ ጽሑፍ አትማ ታነብ ነበር። ጋልያ በሩ አጠገብ ቆመች፤ እኔ ተቀመጥኩ።

"ሐሙስ ዕለት በዓይኔ በብረቱ አየኋት ብለውኝ ነበር።"

"አይቻታለሁ።"

"እጇ ላይ ምን ነበር?"

ፈገግ አለች። "ማርተኒፃ ነዋ! የመምህር እጅ በማርች ሌላ ምን ይኖረዋል? እስከ ክርኗ ድረስ።"

ከሐሙሱ ቅጂ የወጣውን ፎቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ፤ አጠገቡ የአስከሬኑን ክንድ። አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። ኮሪደሩ ላይ ልጆች እየተሯሯጡ አለፉ።

"ከእነዚህ አንዱን ያሰርኩላት እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ። እትዬ ፔና ቆጥራዋለች።"

"እጅጌዋ ሸፍኖት ነበር። ሻሉን አስታውሼ ደረብኩላት፣ ኩባያዋን ቦታው ላይ አደረግሁ። ክሩ ግን..." የራሷ ልብስ ላይ የተሰካውን ትንሽ ማርተኒፃ ነካች። "የሁላችንም እጅ ላይ ያለ ነገር እኮ ነው። ማን ያየዋል?"

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የስኔዣናን ወረቀቶች የጻፈችው ኢስክራ ናት። በምላሹ ስኔዣና የክፍለ ጊዜ ድልድሏን ታቀልላት፣ ፈቃድ ትሰጣት ነበር። ለመመረቂያም ሁለት ጽሑፍ እንድትጽፍ ተስማምተው ነበር፤ ኢስክራ ግን አንድ ብቻ ጻፈች።

"እሁድ የነፃነት ቀን በዓሉ ካለቀ በኋላ ሄድኩ። ‘የመጨረሻው ቀን ደረሰ፣ የኔስ?’ አልኳት። ‘እስካሁን የጻፍኩልሽ ይቅር፤ ይሄ ግን የኔ ነው፣ ይሄ እኔ ነኝ’ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያንን ወንበር ጠብቄያለሁ፣ ኢንስፔክተር። ሠላሳ ዓመት! ከዚያ ዞር ብላ የመጀመሪያውን ገጽ ታነብልኝ ጀመር። ጀርባዋን ሰጥታኝ። ምን እንደሚሰማኝ ዞራ እንኳ አላየችም። ደስ ብሏት ነበር።"

"የክፍሉን ፊልም ከየት አመጡት?"

"ፌብሩዋሪ 29 ክፍሉን እኔው ቀርጬው ነበር፣ በኋላ ላጠናበት ብዬ። ለሌላ ነገር አልነበረም። ሐሙስ ዕለት በሕይወት ከታየች እኔ ተሰሎንቄ ነኝ፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ፕሮፌሰሯ ስትጠራት ዝም ብትል ይጠራጠራሉ ብዬ ያንን ጻፍኩ።" ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኳን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። "ልክ ስልኬን ሳስቀምጥ እንደገና ቀና ብላ አየችኝ። ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ግን ከሰባታችን መርጣ እኔን ነው ያየችው። ከዚያ ሳቀች።"

ዐቃቤ ሕጉ ጋ የደወልኩት አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቦጎሚል በሚለቀቅበት ወረቀት ላይ ሲፈርም እጁ ብዕሩን ሊሰብረው ምንም አልቀረው።

*

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት። ፕሮፌሰር ሊሊየቫ የአሥር ሰዓቱን ሰርዛ የዘጠኝ ሰዓቱን ትታዋለች። "የኢስክራ ሰዓት አይሰረዝም" አለችኝ። "ያንን ሰው አቅርቡልኝ።"

ቦጎሚል ፖሊስ ጣቢያ ድጋሚ አልረግጥም ስላለ ጋልያ ላፕቶፑን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል የኢስክራ ፕሪም ዛፍ ይታያል፤ እትዬ ፔና በመሰላል ወጥታ የመጨረሻዎቹን ክሮች ታስራለች። ነጩ አበባ መሃል ቀይ ነጠብጣብ በዝቷል።

ጋልያ የገባችበት በኢስክራ መግቢያ ነበርና ከቦጎሚል ፊት ሥር የተጻፈው ስም "ኢስክራ ላሎቫ" ነው። ስድስቱ ተማሪዎች በየመስኮታቸው አዩት።

"ድምፄ ይሰማል?" ብሎ ጮኸ። አንደኛው ተማሪ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

"ይሰማል" አለች ፕሮፌሰሯ። "በጣም ይሰማል። ይቀጥሉ።"

ቦጎሚል አንድ መዳፉን ከኢስክራ ቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ዓረፍተ ነገሩን አለው። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ "እሺ፣ ምን ማለት ነው?" አለ። "ስድስት ወር የያዝኩትን ዕቃ ምን እንደሆነ አላውቅም እኮ።"

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። ቀስ ብላ በእኛ ቋንቋ መለሰችለት።

"'የሞተ ሰው ታሪኩን ሲነግረን፣ ሁላችንም እንዴት ሊናገር ቻለ ብለን እንጠይቃለን፤ እኔ የምጠይቀው ማን ሰማው ብዬ ነው።'"

ቦጎሚል ግድግዳውን አየ፤ መዳፉን አላነሳም።

"ግድግዳው ስስ መሆኑን እሷም ታውቅ ነበር" አለ። ያን ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።